እትዬ ወይንሸት በእርሳስ የሰረዙት ቃል

እትዬ ወይንሸት ያረፉ ዕለት በእድራችን ግሩፕ ላይ የወጣው መልእክት «ለስላሳ፣ ትሑትና ዝምተኛ የነበሩት እናታችን» ይላል። ከሥራ እረፍት ላይ ሆኜ፣ መኪናዬ ውስጥ ምሳዬን እየበላሁ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ያመመኝ ሞታቸው አልነበረም፤ ውሸቱ ነው። ለስላሳ! ዝምተኛ! እኔ የማውቃቸው እትዬ ወይንሸት አንድ ቀን እንኳን ለስላሳ ሆነው አያውቁም። ቁጡ ነበሩ፤ የሚቆጡትም በከንቱ አልነበረም። ከመልእክቱ ሥር የተስፋዬን ስም ሳይ ደግሞ ማንኪያዬን ጥዬ አለቀስኩ። ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነው ያስለቀሰኝ። ተስፋዬ ማን እንደሆነና ምን እንዳደረገ እናገራለሁ። እኔ ያደረግሁትንም አልደብቅም።

የተዋወቅነው ኢስተን በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል ነው። እኔ በዲቪ መጥቼ ገና ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ፤ እዚህ የእንግዳ ክፍል ማጽዳት ጀመርኩ። እሳቸው ጅማ ውስጥ ለሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ስቀጠር ሆቴሉ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ልጅም የላቸውም። ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ የዩኒፎርማቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት አጭር እርሳስ አለች።

ሥራ ያለማመዱኝ እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን አልጋ ማንጠፍ፣ መስታወት ያለ መስመር መወልወል አሳዩኝና ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረድን። ግድግዳው ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። የሆቴሉን ፎጣ ወደ ቤት መውሰድ «ኦብቪየስሊ»፣ ማለትም ግልጽ እንደሆነው፣ ክልክል ነው ይላል። እትዬ ወይንሸት መነጽራቸውን አደረጉ፣ እርሳሷን አወጡ፣ ያችን አንዲት ቃል ሰረዟት።

«ምነው እትዬ?» አልኳቸው ደንግጬ።

«ስድብ ነዋ!» አሉኝ። «ፎጣ መውሰድ ክልክል ነው ማለት ደንብ ነው። ኦብቪየስሊ ሲሉበት ግን ‹ይህ እንኳን የማይገባችሁ› እያሉን ነው። ደንቡን እቀበላለሁ፤ ስድቡን አልቀበልም።»

በማግስቱ ማስታወቂያው እንደገና ታትሞ ተለጠፈ፤ ቃሉም አብሮ። እንደገና ሰረዙት። በሦስተኛው ጊዜ ወረቀቱ ቃሉን ትቶ ወጣ። ማንም ማንንም አላናገረም። እኔ ግን ያን ጊዜ ፈራኋቸው። አገር ቤት ሳለሁ አለቃ የጻፈው ላይ የሚሰርዝ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ኖርዝላንድ ባለው ቤተ መጻሕፍት አንዲት ትንሽ ክፍል አስይዘው እንግሊዝኛ ያስተምሩን ነበር። ስድስት ወይ ሰባት እንሆናለን፤ ዌርሃውስ፣ ማለት ዕቃ መጋዘን የሚሠሩ፣ ትራክ የሚነዱ፣ እንደ እኔ ሆቴል የሚያጸዱ። የሚያስተምሩት በነጻ ነው፤ አምስት ደቂቃ ያረፈደ ግን በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። አንድ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃል ጻፉ፤ ኦብቪየስሊ፣ ክሊርሊ፣ አንዳውተድሊ።

«እነዚህን የምታገኟቸው በአለቃ ደብዳቤ ላይ ነው» አሉን። «ትርጉማቸው ቀላል ነው። በግልጽ፣ እንደሚታየው፣ ያለ ጥርጥር። ስታገኟቸው ግን ቆም በሉ። ነገሩ ማስረጃ ቢኖረው ጸሐፊው ማስረጃውን ይጽፈው ነበር። ማስረጃ ሲያጣ ነው ይህን ቃል የሚያስገባው።»

አንዱ ትራክ ነጂ እጁን አወጣ። «እንዲህ ከሆነ ለምን እንማራቸዋለን?»

«ሲመቱህ በምን እንደመቱህ እንድታውቅ!» አሉት።

በአማርኛም አይምሩም ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ «እንደሚታወቀው የአዳራሹ ጉዳይ ተወስኗል» ብሎ ሲጀምር፣ ከኋላ ተነሥተው «ማን ነው ያወቀው? እኔ አላወቅሁም። መቼ ነው የተወሰነው?» አሉት። ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው ግን ሲጠየቅ ቀኑን መናገር አቃተው፤ ጉዳዩም እንደገና ለውይይት ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ነው «ነገረኛዋ» የሚል ስም የወጣላቸው። ስሙን ካወጡላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ልቅሶው ላይ «እናታችን» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔም ከእርሳሳቸው አልተረፍኩም። ለአንድ የቢሮ ሥራ ማመልከቻ ጽፌ አሳየኋቸው። «ኦብቪየስሊ ታታሪ ሠራተኛ ነኝ» ብዬ ጀምሬያለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ከፍ ያለ እንዲመስል ነው።

«ግልጽ ከሆነ ምን አስጻፈሽ? ግልጽ ካልሆነ ደግሞ ውሸት ነው» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። «ምን እንደሠራሽ ጻፊ። ታታሪነትሽን እነሱ ይድረሱበት።»

አኩርፌ ወጣሁ። ግን እንዳሉኝ ጻፍኩት።

አሁን ወደ ሰዓቱ ነገር ልምጣ። ሆቴሉን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ከስድስተኛ ፎቅ አንዲት እንግዳ የእጅ ሰዓቴ ጠፋ ብላ አመለከተች። ክፍሉን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ተስፋዬ ያኔ ሱፐርቫይዘራችን ነው፤ አገር ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን አብረን የምንቆም፣ እንግሊዝኛው የሚፈስ። የአንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ድረስ መጥቶ አንድ ወረቀት ሰጠኝ።

«እህቴ፣ እዚች ጋ ፈርሚ» አለኝ። «ፎርማሊቲ ነው። እኔ አንብቤዋለሁ፤ ምንም ችግር የለውም።»

ግሪን ካርዴን ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ስክሪብቶውን ይዤ ሳለሁ እትዬ ወይንሸት ጋሪያቸውን እየገፉ ገቡ። ምንም ሳይሉ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። ሲያነቡ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ተስፋዬ፣ ይህን አንብበኸዋል?»

«አዎ፣ እትዬ። የተለመደ ነው እኮ።»

«‹ሰዓቱ በጠፋ ጊዜ ወደ ክፍሉ የገባችው ኦብቪየስሊ ይህች ሠራተኛ ብቻ ናት› ይላል። አንብበህ ነው ፈርሚ የምትላት?»

«እትዬ፣ እርስዎን አይመለከትም።»

«እኔን ነው የሚመለከተኝ! ያስተማርኩት ቃል ነው!» ብለው ጮኹበት። የጎረቤት ክፍል እንግዳ በሩን ከፍቶ እስኪያይ ድረስ።

ያንኑ ሰዓት እጄን ይዘው የሆቴሉ ማናጀር ቢሮ ወሰዱኝ። ማናጀሯ ፈገግ ብላ ተቀበለችን፤ ተስፋዬም ተከትሎን ገባ። እትዬ ወይንሸት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ያችን ቃል በጣታቸው ሸፈኗት።

«አሁን አንብቢልኝ» አሏት።

ማናጀሯ አነበበች። ወደ ክፍሉ የገባችው ይህች ሠራተኛ ብቻ ናት።

«እውነት ነው?»

«እኛ እስከምናውቀው ድረስ።»

«የበሩን መዝገብ አይታችኋል? ቁልፉ ማን መቼ እንደከፈተ ይመዘግባል አይደል?»

አላዩትም። አንዳቸውም አላዩትም! እኔን ሌባ የሚያደርግ ወረቀት ጽፈው አምጥተው፣ አንድ ቁልፍ ተጭነው የሚያዩትን መዝገብ አላዩም። እትዬ ወይንሸት ወንበር ስበው ተቀመጡ። እስኪያሳዩኝ አልነሣም አሉ። መዝገቡ ሲወጣ በዚያ ቀን ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው በሩን ከፍቷል፤ ማሞቂያውን ያየው የጥገና ሠራተኛና ራሱ ተስፋዬ፣ ክፍሉን ሊፈትሽ። ተስፋዬ ጫማውን ያያል። ሁለት ቀን ሳይሞላ ደግሞ እንግዳዋ ደወለች፤ ሰዓቷን ከመዋቢያ ቦርሳዋ ውስጥ አግኝታዋለች።

ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ማናጀሯ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ «ደስ ይላል፣ ተፈታ» ብላኝ አለፈች።

ከዚያ በኋላ ወደ እትዬ ወይንሸት ዞሩ። መጀመሪያ ከባዶቹን ፎቆች ሰጧቸው። ጉልበታቸው እያበጠ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ቀጥሎ በየሳምንቱ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባቸው ጀመር፤ ትራሱ ተጣመመ፣ ጋሪው ኮሪደር ዘጋ፣ ድምፃቸው ከፍ አለ። አንድ ቀን የሰው ኃይል ክፍል አንዲት ሴት ልኮ አንድ በአንድ አስጠራችን። ስለ ወይንሸት ጥቂት መስመር ጻፉ ተባልን።

ከበሩ ውጪ ተስፋዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ጥሩ ነገር ጻፊላቸው» አለኝ። «ግን ሚዛናዊ ይሁን፤ ካልሆነ አያምኑሽም።»

ተቀመጥኩ። ከፊቴ ነጭ ወረቀት አለ፤ ሴትየዋ ታየኛለች። ሌባ ተብዬ ልባረር ስል ያተረፉኝ ሰው እሳቸው ናቸው። ያንን መጻፍ ነበረብኝ። እኔ ግን የጻፍኩት እንዲህ ነው፤ «ወይንሸት ኦብቪየስሊ አስቸጋሪ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ከእሳቸው የተሻለ ሠራተኛ አላየሁም።»

ለምን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እሳቸውንም ማናጀሯንም ማስደሰት ፈልጌ ነው። በአንድ ዐረፍተ ነገር ከሁለቱም ወገን መቆም የሚቻል መስሎኝ ነው። ፈሪ ስለነበርኩ ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ፋየር አድርገው ከሥራ አባረሯቸው። «ከሌሎች ጋር መሥራት እንደማይችሉ ግልጽ ነው» የሚል ደብዳቤ ሰጧቸው። ሥራ ላጣ ሰው መንግሥት ለሚከፍለው አንኢምፕሎይመንት ሲያመለክቱ ሆቴሉ ተቃወመ፤ ጉዳዩ ዳኛ በስልክ ለሚሰማው ሂሪንግ ተቀጠረ። የሆቴሉ ማስረጃ በፖስታ የደረሳቸው ዕለት ደወሉልኝ።

«‹ወይንሸት ኦብቪየስሊ አስቸጋሪ ሰው ናቸው›» ብለው በእንግሊዝኛ አነበቡልኝ። «የሥራ ባልደረባ ምስክርነት ይላል። አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እትዬ፣ ቀጥሎ ሌላ አለው! ከእሳቸው የተሻለ…»

«ቀጥሎ ያለውን አላመጡትም። ይቺን ነው ያመጧት።»

ወረቀቱን ሲያገላብጡ ይሰማኛል።

«ኦብቪየስሊ!» አሉ በመጨረሻ። «ፊደሉን እንኳን አልተሳሳትሽም።» ስልኩን ዘጉት።

ሦስት ቀን እንቅልፍም እህልም አላሰኘኝም። በአራተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው እንደ ክፍል ውስጥ ነው። «ሂሪንጉ ላይ ትገቢያለሽ። ያየሽውን ብቻ ትናገሪያለሽ። ልታድኚኝ አትሞክሪ፤ ያየሽውን ብቻ።»

በቀኑ ቤተ መጻሕፍቱ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። መስመሩ ላይ ማናጀሯ አለች፣ ተስፋዬ አለ፣ እትዬ ወይንሸት አሉ፤ የሚመራው አንድ ድምፁ የደከመ ሰውዬ ነው። ተስፋዬ መጀመሪያ መሰከረ። ወይንሸት ችግር ፈጣሪ መሆናቸው ክሊርሊ የታወቀ ነው አለ። ሰውዬው እትዬ ወይንሸት ምስክሩን ሊጠይቁ እንደሚችሉ ነገራቸው።

«በየትኛው ቀን፣ ምን ሳደርግ አየኸኝ?» አሉት።

እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አይለይም። ከድምፃቸው ግን አንተ እንዳሉት ሁላችንም ገባን።

«ሁሉም ሰው ያውቃል» አለ ተስፋዬ።

«ሁሉም ሰው እዚህ ስልክ ላይ የለም። ያለኸው አንተ ነህ። አንተ ምን አየህ?»

ተስፋዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀን አልጠቀሰም። ድርጊት አልጠቀሰም። አንድ ጊዜ የእንግዳ ማረፊያ ፎቅ ላይ ጮኸዋል አለ። ለምን እንደጮኹ ሲጠየቅ አላስታውስም አለ። አላስታውስም! ወረቀቱን በእጁ ይዞ ፊቴ የቆመው ሰው!

ከዚያ የእኔ ስም ተጠራ። ሰውዬው የጻፍኩትን አነበበና «ኦብቪየስሊ አስቸጋሪ ናቸው ስትዪ ምን አይተሽ ነው?» አለኝ።

«ምንም አላየሁም» አልኩት።

«ታዲያ ለምን ጻፍሽው?»

«ፈርቼ ነው። ማናጀሬ እንዳትጠላኝ። ወረቀቱ ላይ ሌላም ዐረፍተ ነገር ነበር፤ እሱን ቆርጠውታል።» ከዚያ ስለ ሰዓቱ ነገርኩት፤ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ በሩ መዝገብ፣ ተስፋዬ ፈርሚ እንዳለኝ። እንግሊዝኛዬ እየተሰባበረ፣ እያለቀስኩ፣ ግን እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ማናጀሯ ልታቋርጠኝ ስትል ሰውዬው ዝም አሰኛት።

ከሳምንታት በኋላ ውሳኔው መጣ። ሆቴሉ ያባረራቸው ያለ በቂ ምክንያት ነው ይላል። ቅዳሜ ክፍል ውስጥ አነበቡልን። ዳኛው «አሠሪው ክሊርሊ ማስረጃ አላቀረበም» ብሎ ጽፏል፤ ያችንም ቃል ሰረዟትና «አላቀረበም፣ በቃ» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ምክንያቱም ማሸነፋቸው ወደ ሥራቸው አልመለሳቸውም። በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ዕድሜ ሌላ ሆቴል አልቀጠራቸውም። ማናጀሯ እስከ ዛሬ ማናጀር ናት። ተስፋዬ አድጎ የጽዳት ክፍሉ ኃላፊ ሆነ፤ እድራችንም የሕዝብ ግንኙነት አድርጎ መረጠው። የእኔን ሺፍት እየቀነሱ እየቀነሱ ራሴ ለቅቄ ወጣሁ። እሑድ እሑድ ተስፋዬ ጉንጬን ስሞኝ «እህቴ፣ እንዴት ነሽ?» ይለኛል። አንድ ቀን እንኳን ፊቴን አዙሬበት አላውቅም። ይህ ነው የሚያናድደኝ። እትዬ ወይንሸት ቢሆኑ ምሳ አዳራሹ መሐል አቁመው «በየትኛው ቀን ነው እህትህ የሆነችው?» ይሉት ነበር።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት ልባቸው ደከመ። ቤታቸው ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ያለ አፓርታማ ነበር። ሐኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ፣ ዕቃ እገዛላቸዋለሁ፣ ክረምት ሲሆን መኪናቸው ላይ የተቆለለውን በረዶ እጠርጋለሁ። እንዲህ አራት ዓመት አለፈ። ከመሞታቸው አንድ ወር በፊት ሾርባ ሠርቼ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ሾርባውን በሳህን ቀድቼ ፊታቸው እያስቀመጥኩ፣ እንደ ዋዛ አድርጌ፣ «በዚያ በጻፍኩት ነገር ምን ያህል እንደጸጸተኝ መቼም ያውቃሉ» አልኳቸው።

«አላውቅም» አሉ ዓይናቸውን ከጋዜጣው ሳያነሡ።

«እንዴት አያውቁም? ሂሪንጉ ላይ ተናግሬ የለም እንዴ?»

«እዚያ ለሰውዬው ነው የነገርሽው። ለእኔ አንድ ቃል አልነገርሽኝም።»

ደሜ ፈላ። አራት ዓመት ሙሉ ስመላለስ፣ ስሸከም፣ በረዶ ስጠርግ! ወደ ማጠቢያው ዞሬ ያልቆሸሸ ሳህን እያንኳኳሁ አጠብኩ። ምላሴ ላይ የመጣው ሁሉ ስድብ ነው። ግን እውነታቸውን ነበር። ተነግሯል ብዬ ተውኩት እንጂ አልተናገርኩትም። እጄ እንደረጠበ መጥቼ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

«እትዬ ወይንሸት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያላየሁትን ስለ እርስዎ ጻፍኩ። የጻፍኩት ፈርቼ ነው። ያተረፉኝን ሰው አሳልፌ ሰጠሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «አራት ዓመት ሙሉ ግን ተናድጄብሽ ነበር። አላወቅሽም?»

«አላወቅሁም።»

«ለካ እኔም አልነገርኩሽም» አሉና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ሾርባው በርዷል። አሙቂልኝ።»